አባትህን ይዘህ ውጣ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ላሞግሳችሁ አይደለም፤ የሚያሞግሳችሁ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የክላርክ ካውንቲ ምክር ቤት እዚህ ላስ ቬጋስ በዲኬተር ጎዳና ያለውን ሰፈራችንን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይም እኔም እንደ ሰው አጨብጭቤአለሁ። ታክሲ ነድታችሁ፣ ካዚኖ ቆማችሁ፣ የሆቴል አልጋ አንጥፋችሁ ያመጣችሁት ክብር ነውና ይገባችኋል። እኔ የምናገረው ከጭብጨባው በኋላ ቤት ስትገቡ ስለምታገኙት ሰው ነው፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ስለሚጠብቋችሁ አባትና እናት።

ዓመታት ጠብቃችሁ ወደ አሜሪካ የሚመጡበትን ጉዳይ አስጨረሳችሁ። ትኬት ቆረጣችሁ፤ አበባ ይዛችሁ ኤርፖርት ተቀበላችሁ፤ ፎቶ ተነሣችሁ። በሁለተኛው ሳምንት ልጅ ጠባቂ አደረጋችኋቸው፤ በሦስተኛው ወር ረሳችኋቸው። አገራቸው ላይ በማለዳ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ የታመመ ጠይቀው፣ ለቅሶ ደርሰው፣ ዕድራቸውን ተሰብስበው፣ በእግራቸው ስንት ሰፈር አዳርሰው ይገቡ የነበሩ ሰው ናቸው። እዚህ ግን በሩን ከፍተው ቢወጡ የሚያገኙት የመኪና ማቆሚያ ነው። ቋንቋው አይገባቸውም፤ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ጎረቤታቸው ማን እንደሆነ አያውቁም። ኤሲው ያንሾካሹካል፣ ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ እሳቸው ዝም ይላሉ። ከዚያ «አባባ እዚህ ከመጡ ወዲህ ተለወጡ፤ አይጫወቱም» ብላችሁ ለእኔ ትነግሩኛላችሁ። ከማን ጋር ይጫወቱ?

«ጊዜ የለንም» ትላላችሁ። እኔም በዚህ ከተማ ሠርቼ ያረጀሁ ነኝና የሁለት ሥራን ድካም አውቀዋለሁ። ነገር ግን በዚያው በትንሿ ኢትዮጵያችሁ በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት ተቀምጣችሁ መንግሥት ስታወርዱና መንግሥት ስትሾሙ አይቻችኋለሁ። ስለዚህ ጊዜ አለ፤ የተሰጠው ለሌላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ ነበር አባቶቻችን። የእናንተ ትዳር፣ ቤት፣ ልጅ ማሳደግ ሁሉ በሩጫ የታጠቀ ሆነ፤ ወላጅ መጦርም በሩጫ ሊሆን አማራችሁ።

የት ልውሰዳቸው እንዳትሉኝ ቦታውን ልንገራችሁ። ሄንደርሰን ውስጥ፣ ጋለሪያ ድራይቭ ላይ፣ ከከተማው የፍሳሽ ውኃ ማጣሪያ አጠገብ የወፎች ጥብቅ ቦታ አለ። ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ዘጠኝ ኩሬዎች አሉት፤ በዙሪያቸው ፊላና ቁጥቋጦ በቅሏል፤ እስካሁን ከ270 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ታይተውበታል። መግቢያው በነፃ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም። አንድ ማይል የማይሞላው ክፍሉ የተነጠፈ ስለሆነ ባለ ምርኩዝም ባለ ተሽከርካሪ ወንበርም አይቸገርም። የደከመው የሚያርፍበት አግዳሚ ወንበር አለ። በማለዳ ተከፍቶ በከሰዓት መጀመሪያ ይዘጋል፤ በሐሩሩ ወራት ደግሞ ቀትር ላይ። እስከ ቀትር ለሚተኛ ሰው አልተሠራም። ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ ገና ዐይኑ ያልከበደ ሰው ግን አባቱን ከቤት ይዞ ለመድረስ የሚመቸው ሰዓት ነው።

ይበቃኛል የማይል ካለ፣ በትሮፒካና ጎዳና ምሥራቃዊ ጫፍ የክላርክ ካውንቲ ዌትላንድስ ፓርክ አለ፤ ወደ 2,900 ኤከር ይሆናል፤ በውስጡ 210 ኤከር የሚሆን ለእግረኛ የተመቻቸ ጥብቅ ቦታ ይዟል። ስሎን ካንየንም የጥንት ሰዎች በአለት ላይ የቀረጹት ሥዕል ያለበት ድንቅ ቦታ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ እየቧጠጡ የሚወጡበት ስለሆነ በእሱ የራሳችሁን ጉልበት እንጂ የአባታችሁን አትፈትኑ።

ይህን ብዕር ያስነሣኝ ያለፈው ግንቦት እዚያው ሄንደርሰን፣ ኩሬው ዳር ያየሁት ነገር ነው። አንድ ጎበዝ አባቱን ደግፎ አመጣ። ደስ አለኝ። አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና «አባባ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ፤ መጣሁ» ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ሞተሩን አስነሥቶ፣ ኤሲውን ከፍቶ፣ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ድርጭት ጫጩቶቿን አስከትላ መንገዱን አቋረጠች። ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ ለማን እንደሚያሳዩ ዞር ዞር አሉ። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ በወጥመድ እናት ድርጭት ይዘው ወደ ቤት ቢያመጡ፣ አባታቸው ቆጥተው፣ ሳይመሽ እንዲመልሷት እንዳደረጓቸው ነገሩኝ። ጅብ እየፈሩ በውድማው ላይ እንዴት እንደሮጡ፣ ጫጩቶቹን እንዴት እንዳገኟቸው ሁሉ በእጃቸው እያሳዩ አወጉኝ። ያ ታሪክ የእኔ አልነበረም፤ የልጁ ርስት ነበር። ባለቤቱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ባዕድ ወረሰው።

የእኛ አገር አባት ፊት ለፊት ተቀምጦ ልቡን አያወራም። ሳሎን አስቀምጣችሁ፣ ቡና አቅርባችሁ፣ «እስቲ ስለ ልጅነትዎ ይንገሩን» ብትሉት «ምን አለ ብለህ ነው?» ብሎ ይዘጋዋል። ጎን ለጎን ስትሄዱ ግን፣ ዐይን ለዐይን ሳትተያዩ፣ እግሩ መንገድ ሲይዝ አፉም መንገድ ያገኛል። ጥቂት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ የቆመው ደክሞት ብቻ አይደለም፤ ነገር ሊነግርህ ነው። አብረህ ቁም።

የእኔ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቃል የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። ደብረ ታቦር አካባቢ ነው ያደግነው። እቤት ውስጥ ድምፃቸውን የምንሰማው ሲቆጡ ወይም ሲጸልዩ ነበር። እሑድ ሊነጋጋ ሲል ለቅዳሴ ስንወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ይቀድሙኛል፤ እኔ ከኋላ ከኋላ እል ነበር። በየቦታው ቆም ይላሉ። ይህ ማሳ የማን እንደነበር፣ በዚህ ወይራ ሥር አያቴ በጣሊያን ጊዜ እንዴት እንዳደሩ፣ ያ ምንጭ በየትኛው ድርቅ እንኳ እንዳልነጠፈ ይነግሩኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ስንገባ ዝም ይላሉ። ዝምታቸውም ያስተምር ነበር። ዛሬ ስለ ዘሬ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት በዚያ መንገድ ነው። ቤት ውስጥ አንድም ቀን አስቀምጠው አልነገሩኝም።

ያንን ደን ካነሣሁ አይቀር፣ የሄንደርሰንን ቦታ ሕግ ስትስቁበት ሰምቻለሁ። «ውሻ አይገባም፣ ብስክሌት አይገባም፤ ለዳክዬ ይህን ያህል?» ትላላችሁ። የማን ልጆች መሆናችሁን ብታውቁ አትስቁም ነበር። በደቡብ ጎንደር ከአውሮፕላን ወደ ታች ለተመለከተ፣ በእርሻው መካከል ክብ ክብ ሆኖ የሚታየው አረንጓዴ የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። ሌላው ተመንጥሮ ሲያልቅ እሱ የተረፈው ቅጽር ስለነበረው፣ ግዝት ስለነበረበት ነው። የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ሲደግፉ፣ ካቡን የካቡት ካህናቱና ምእመናኑ ናቸው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ጽድ እንዳስተከሉ ይነገራል። ከልክሎ መጠበቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። አባትህን ሄንደርሰን ብትወስዳቸው ሕጉን ማንም ሳይተረጉምላቸው ይገባቸዋል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይገባሉ። አንተ ነህ በስልክህ እየጮህክ የምትገባው።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ያለንበት ምድር በረሃ ነው፤ ላስ ቬጋስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ10 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ እዚህ በቤት ውስጥ የተጠቀሙበት ውኃ አይጣልም። ከመታጠቢያው፣ ከወጥ ቤቱ፣ ከመጸዳጃው የወረደው ሁሉ በቱቦ ሄዶ ይጣራል። አብዛኛው ላስ ቬጋስ ዎሽ በሚባለው ወራጅ ውኃ በኩል ወደ ሚድ ሐይቅ ይመለሳል፤ የተመለሰው ተቆጥሮ ኔቫዳ ያንኑ ያህል እንደገና ከሐይቁ እንድትቀዳ ይፈቀድላታል። የሄንደርሰን ኩሬዎችም የሞሉት በተጣራ ፍሳሽ ነው። ወፎቹ ከሰሜን፣ ከካናዳና ከአላስካ ድረስ መጥተው የሚያርፉት ሰው ታጥቦ በደፋው ውኃ ላይ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ይህች ቁማርተኛ የምትሏት ከተማ የቆሸሸ ውኃዋን እንኳ «ጨርሷል፣ አይጠቅምም» ብላ አልጣለችም። እናንተ ጾምና ጸሎት የምታውቁት፣ ወላጅን ማክበር ረጅም ዕድሜ እንደሚያሰጥ ከልጅነታችሁ የተማራችሁት፣ ያሳደጋችሁን ሰው ሶፋ ላይ ጣላችሁት።

አልጣልናቸውም፣ ምግብ አለ፣ መድኃኒት አለ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አለ። ሰው ግን በምግብና በመድኃኒት ብቻ አይኖርም። ጌታችን ስለ ሰማይ ወፎች ሲያስተምር ተመልከቱ ነው ያለው፤ ለመመልከት ደግሞ መውጣት ያስፈልጋል። ከጣና ዳር፣ ከጎርጎራ የመጡ አንዲት እናት በክረምት ወደዚያ ኩሬ ወሰድናቸው። መንቁሩ ጫፉ ላይ ሰፋ ጠፍጠፍ ያለውን ዳክዬ ሲያዩ «ይቺንማ አውቃታለሁ፤ የእኛ ናት!» አሉ። ልጆቹ ሳቁባቸው። እሳቸው ግን ትክክል ነበሩ፤ ያ የዳክዬ ዓይነት ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽቶ ጣና ላይ የሚከርም ነው፤ የአሜሪካው ወገኑ ደግሞ እዚህ ይከርማል። ሴትዮዋ ከመጡ ጀምሮ በዚህ አገር የሚያውቁት የመጀመሪያው ፍጥረት ያ ዳክዬ ነበር። በዚያ ቀን እንጀራ በደንብ እንደበሉ ልጃቸው ነገረችኝ።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ዳቦ ለወፎቹ አትወርውሩ፤ አይጠቅማቸውም። ውኃና ባርኔጣ ያዙ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 7 ቀን 2024 በዚህ ከተማ ሙቀቱ 120 ዲግሪ ፋራናይት ደርሷልና በበጋ ወይ በማለዳ ሂዱ ወይ ጭራሽ አትሂዱ። ለእናትህ የቤተ ክርስቲያን ጫማ ሳይሆን ሶሉ የማያንሸራትት ግዛላቸው። ልጆቻችሁንም አምጡ፤ አያትና የልጅ ልጅ በቋንቋ ባይግባቡ በጣት እየጠቆሙ ይግባባሉ።

ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ፤ አልለቃችሁምና። በዓመት አንድ ቀን፣ ለፋሲካ ወይም ለገና፣ የሀገር ልብስ አልብሳችሁ ፎቶ ለማንሣት የምታወጧቸው ከሆነ የመስቀል ወፍ አደረጋችኋቸው። እኔ የምለው ልማድ ይሁን ነው። መኪናውን አጥፋ፤ ስልኩን ኪስህ አድርግ፤ በእሳቸው እርምጃ ሂድ። የእሳቸው እርምጃ ካዘገየህ ዘግይ፤ አንተ መሄድ ስትማር ማን እንደቆመልህ አስብ።

አንድ ነገር ደግሞ በዐይኔ አይቻለሁ። አባት ሲሞት ይህ «ጊዜ የለኝም» ያለው ልጅ ጊዜ ያገኛል። አለቃውን አስፈቅዶ ሳምንት ይቀመጣል። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ያሰባስባል። አርባውን ያወጣል፤ አዳራሽ ተከራይቶ ሕዝብ ያበላል፤ ትልቅ ፎቶ አሠርቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። እኛም ሄደን እንበላለን፤ «ጥሩ ልጅ ነው፣ አባቱን በክብር ሸኘ» እንላለን። ይህን ስል ጸሎተ ፍትሐትንም ተዝካርንም መንቀፌ አይደለም። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ አንድ ነፃ ጠዋት የነፈግኸውን ሰው ከሞቱ በኋላ በሺህ ዶላር ድግስ አትካሳቸውም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ውሰዳቸው። ቅዳሜ ሥራ ካለህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዌትላንድስ ፓርክ ክፍት ነው። እሑድም ሥራ ካለህ አለቃህን ፈቃድ ጠይቅ። ለቀብራቸው መጠየቅህ አይቀርም፤ አሁን ጠይቅ።