የተሰጣ ልብስ

ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ልብስ አስጥቶ ከቤት መውጣት ጎረቤትን ማመን ነው። ባለፈው ክረምት ጣና ላይ የጠቆረው ደመና ድንገት ወደ ሰፈራችን ሲመጣ የጎረቤቴ ልብስ ገመድ ላይ ነበር፤ እሷ ሥራ ቦታ። ሮጥኩ። አንሶላውን፣ ነጠላዋን፣ የልጇን ሱሪ ሰበሰብኩ። የውስጥ ልብሶቿ ጋ ስደርስ እጄ ተያዘ። ተውኳቸው፤ ዝናቡ ወረደባቸው።

ማታ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችና የሚያንጠባጥቡትን አይታ ዝም አለች።

ለክብሯ ብዬ ነው ስል ሰነበትኩ። ጀርመናዊው ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ ሥራው ሳይሆን የተነሣበት ሐሳብ ይመዘን ይላል። እንግዲህ ይመዘን፦ እኔ ያሰብኩት በየመስኮቱ ስለሚያየኝ ሰው ነበር። እሷማ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች እኮ! ይሉኝታዬን ጨዋነት አልኩት።

ነሐሴ ላይ ደመናው ተመልሶ መጣ። ሳፋ ይዤ ወጣሁ፤ አንድም ሳላስቀር ሰበሰብኩ። አንሶላውን ግን ከላይ አደረግሁት።