እርጥቡን እህል ከላይ አድርገው

 

የዛሬው ጉዳይ በቅርብ የሚመለከተው አሜሪካ ያሉ ልጆቻችንን ነው። ትምህርቱ ግን አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ጅዳም ላለ ወጣት ይጠቅማል፣ ኢንሻአላህ።

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የ17 ዓመት ልጅ እናስብ። ወላጆቹ ከአገር ቤት የሄዱ ናቸው፤ እሱ ዜግነት አለው። በትምህርቱ ጎበዝ ነው፣ ይሮጣል፣ ሰው ያከብራል። ምኞቱ ከአሜሪካ ወታደራዊ አካዳሚዎች አንዱ ውስጥ መግባት ነው፤ ወይ ኒውዮርክ ያለው ዌስት ፖይንት፣ ወይ ለቤታቸው የሚቀርበው የአናፖሊስ ባሕር ኃይል አካዳሚ፣ ወይ ኮሎራዶ ያለው የአየር ኃይሉ። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ተመራቂው በምላሹ ቢያንስ 5 ዓመት በመኮንንነት ያገለግላል። ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ችግር ግን አለ፤ ግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም።

ሙስሊም በእንዲህ ያለ ሠራዊት ውስጥ ያገልግል ወይስ አያገልግል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ እሱን ከምታምኗቸው ዑለማዎች ጋር ተነጋገሩበት። ዛሬ የምናየው ሌላውን ነው፦ ለማመልከት የወሰነ ሰው ጉድለቱን ይደብቅ ወይስ ይናገር?

መስፈርቱ በቁጥር የተጻፈ ነው። በ500፣ በ1000 እና በ2000 ሄርዝ የእያንዳንዱ ጆሮ አማካይ ከ25 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም፤ ከሦስቱ አንዱም ብቻውን ከ30 ማለፍ የለበትም። በ3000 ሄርዝ ወሰኑ 35፣ በ4000 ደግሞ 45 ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጆሮው ለመስማት የበለጠ ጮክ ያለ ድምፅ ይፈልጋል ማለት ነው። ምርመራውን የሚገመግመው የመከላከያ ሚኒስቴሩ የሕክምና ቦርድ፣ አመልካቹ መስፈርቱን ያሟላል ወይም አያሟላም ብሎ ያሳውቃል። አያሟላም ከተባለ አንድ በር ይቀራል፤ ዌቨር ይሉታል። ጉድለቱ እየታወቀ በልዩ ሁኔታ እንዲታለፍ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። የሚወስነው ቦርዱ ሳይሆን አካዳሚው ራሱ ነው። ሊሰጥም ሊከለከልም ይችላል።

እዚህ ላይ ሸይጧን በሁለት በኩል ይመጣል።

በአንድ በኩል «ዝም በል» ይላል። በልጅነትህ ስለነበረው የጆሮ ሕመም በቅጹ ላይ አትጻፍ፤ የመስሚያ መሣሪያ ተጠቅመህ እንደነበር አታንሳ፤ ምርመራው ላይ ድምፁን ባትሰማም ቁልፉን በግምት ተጫን። አንዳንዴ ይህ ምክር የሚመጣው ከሚወዱን ሰዎች አፍ ነው። በእኛ ቤት ሕመም ገመና ነው። እናት «ልጄ ስም ይወጣበታል» ብላ ትሰጋለች፣ አባት «ማን ያውቃል ብለህ ነው?» ይላል። ለወላጅ መታዘዝ ግዴታ ነው፤ በሐሰት ላይ ግን መታዘዝ የለም። እጃቸውን ስማችሁ፣ በለሰለሰ ቃል እምቢ በሏቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ «አትጠይቅ» ይላል። ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ልመና ነው፤ ጉድለትህን በአደባባይ ማውጣት ነው፤ ይልቅ ተወው፣ ማመልከቻውንም ቅደደው። ይህ ትሕትና ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን እፍረት ነው፤ አላህ በፈጠረን አካል የማፈር ዓይነት።

ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገቡ። ላዩ ደረቅ ነበር፤ ጣታቸው ግን እርጥበት ነካ። ሻጩ ዝናብ ነክቶት ነው አለ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ልብ በሉ! እርጥብ እህል መሸጥ ክልክል ነው አላሉትም፤ እህሉን ጣለውም አላሉትም። ጥፋቱ ዝናቡ አልነበረም፣ መደበቁ ነበር። ገዢው አይቶ በፈቃዱ ቢገዛው ሐላል ግብይት ነው።

ዌቨር ማለት ይኸው ነው፤ እርጥቡን ከላይ አድርጎ «ያለኝ ይህ ነው፣ አይታችሁ ወስኑ» ማለት። ልመና አይደለም፣ አማና ነው።

አማናው ደግሞ የወረቀት ብቻ አይደለም። ከፍ ያሉትን ድምፆች መስማት የደከመው ጆሮ ብዙ ጊዜ የሰውን ድምፅ ይሰማል፤ «ስ»ን፣ «ፍ»ን፣ «ሽ»ን የመሳሰሉትን ግን ይስታል። ሰው መናገሩን ያውቃል፣ ምን እንዳለ ግን አያውቅም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ነው። ሞተር በሚጮኽበት ቦታ፣ በሬዲዮ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» የተምታቱበት መኮንን ግን የሚሳሳተው በራሱ ላይ ብቻ አይደለም። ከጎኑ ያለው ወታደርም የእናት ልጅ ነው። እሱ ሳያውቅ በእሱ ሕይወት ላይ የመወሰን መብት የለንም። የጆሮ ውስጠኛ ፀጉር ሴሎች በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም፤ የተኩስ ድምፅም ይገድላቸዋል። ስለዚህ መስፈርቱ የሚጠብቀው ሌላውን ብቻ ሳይሆን አመልካቹንም ነው።

«መስፈርቱ ግን ልክ ባይሆንስ? እኔ ሥራውን እችላለሁ» የሚል ይኖራል። ትችል ይሆናል። እንግዲያው እንደ ሰሙራ ኢብን ጁንዱብ (ረ.ዐ) በፊት ለፊት ተናገር። በሲራ እንደሚተረከው፣ በኡሑድ ዘመቻ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ዕድሜያቸው ያልደረሱ ልጆችን መለሱ። ራፊዕ ኢብን ኸዲጅ ጎበዝ ቀስተኛ ነው ተብሎ ተፈቀደለት። ይህኔ ሰሙራ ራፊዕን በትግል እንደሚጥለው ተነገረ። ታገሉ፣ ጣለው፣ እሱም ተፈቀደለት። ሰሙራ ዕድሜውን አልዋሸም፤ ያለውን ችሎታ አሳየ። በዚያው ዘመቻ የ14 ዓመቱ ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ተመለሰ። 15 ሲሞላው በኸንደቅ ተፈቀደለት። መመለሱ ከክብሩ ምንም አልቀነሰም፤ ከታላላቅ የሐዲስ አስተላላፊዎች አንዱ ሆነ።

ዓይነ ስውሩን ኢብን ኡሙ መክቱምንም (ረ.ዐ) አስታውሱ። በሱረቱ ኒሳእ፣ የሚታገሉና የሚቀመጡ ሰዎች እኩል እንዳልሆኑ የሚናገረው አንቀጽ ሲወርድ፣ ቢችል ኖሮ እንደሚወጣ ለነቢዩ ነገራቸው። ከዚያም ችግር ያለባቸውን የሚለይ ቃል ወረደ። ሰሙራ እንዲሸከም ፈቃድ አገኘ፤ ኢብን ኡሙ መክቱም ከሸክሙ ዑዝር አገኘ። አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፣ በሩ ግን አንድ ነው፦ ያለውን እንዳለ መናገር።

በእኛ ዘመን መስማት የተሳነው አሜሪካዊ መምህር ኪት ኖላን ሠራዊቱ ውስጥ ለመግባት ለዓመታት በግልጽ ጠየቀ። ካሊፎርኒያ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የመኮንንነት ሥልጠናውን ትምህርት እንዲከታተል ፈቀዱለት፤ ከዚያ በላይ ግን መስፈርቱ አላሳለፈውም። በ2011 ታሪኩን በአደባባይ ተናገረ። በሩ ባይከፈትለትም ያንኳኳው ከፊት ለፊት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። የዌስት ፖይንት የክብር ደንብ መዋሸትን፣ ማታለልንና መስረቅን ብቻ ሳይሆን እነዚህን የሚያደርገውን ማለፍንም ይከለክላል። በሐሰት ቅጽ የገባ ልጅ ይህን ደንብ በመጀመሪያው ቀን አፍርሶ ይገባል። አራት ዓመት ሙሉ ጆሮውን ሳይሆን ምስጢሩን ሲጠብቅ ይኖራል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ኢስቲኻራ ስገዱ፣ ሰበቡንም አድርሱ። የጆሮ ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ ሙሉ ምርመራ አድርጉ፤ በጫጫታ መሐል ንግግር ምን ያህል እንደሚገባችሁም አስለኩ። የተጠየቃችሁትን በእውነት ጻፉ። አሠልጣኞቻችሁና መምህሮቻችሁ ያዩትን ይመስክሩላችሁ። ከዚያ ውሳኔውን ለባለቤቱ፣ ውጤቱን ለአላህ ተዉት። ተወኩል ግመሏን አስሮ ነው።

መልሱ «አይሆንም» ከሆነስ? ለአንድ ሥራ የተሰጠ መልስ ነው፤ በእናንተ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ኢብን ኡሙ መክቱም የነቢዩ ሙአዚን ነበር። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ለዘመቻ ሲወጡም መዲናን በእሱ እጅ ትተው የሄዱባቸው ጊዜያት አሉ። ሌሎች ወደ ጦር ሜዳ ሲወጡ ከተማዋ በማን እጅ እንደቀረች አያችሁ?

አላህ ጆሯችንን ሐቅን የምትሰማ፣ ምላሳችንን ሐቅን የምትናገር ያድርግልን። ተቀባይነትን በሐሰት ከመፈለግ፣ በፈጠረን አካልም ከማፈር ይጠብቀን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ፤ ሱረቱል ካህፍንም አትርሱ። ወላሁ አዕለም።