መርከቧ የማን አማና ናት?



ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጥየቃ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። ጁሙዓ ሰግደን ከመስጊዱ ደጃፍ ጫማዬን ሳጠልቅ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ነጋዴ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና፣ «አንተ ጋዜጠኛው፣ ያ ባቡር የት ደረሰ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «በወረታ አድርጎ ወልድያ ይወርዳል ብለህ የጻፍኸው አንተ አይደለህም እንዴ? ወረቀቱ እስከ ዛሬ እቤቴ አለ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በ2003 ዓ.ም. የአምስት ዓመቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲታወጅ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነበር። ዕቅዱ በአምስት ዓመት ውስጥ 2,395 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ እንደሚዘረጋ ይናገር ነበር። በአገር አቀፉ የባቡር መስመር ካርታ ላይም ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ አድርጎ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ የሚዘልቅ አንድ መስመር ተሥሎ ነበር። ከወረታ ተነሥቶ ወልድያ የሚደርስ ሐዲድ የደቡብ ጎንደርን ምድር ሳይረግጥ አያልፍምና፣ የአገሬ ስም በካርታው መንገድ ላይ መዋሉ አስደስቶኝ ዜናውን በሙቀት ጻፍሁት። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ ተመልሼ «የት ደረሰ?» ብዬ አልጠየቅሁም። አምስቱ ዓመት አለቀ፤ ሌላ ዕቅድ መጣ፤ እርሱም አለቀ። ወረታ ደረቅ ወደብ ተሠራላት እንጂ ባቡር አልደረሰላትም። ጠያቂ መሆን የነበረብኝ እኔ፣ በመስጊድ ደጃፍ ተጠያቂ ሆኜ ቆምሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ጉዳይ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ባቡርና ስለ ጀልባ ልጽፍ ነው። «ይህ የሃይማኖት ገጽ ነው፤ ባቡርና ጀልባ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ዲንን ከመስጊዱ አጥር ውስጥ ብቻ መፈለግ የብዙዎቻችን ልማድ ሆኗልና።

እስቲ ቁርኣንን እንመልከት። በሱረቱል ከህፍ ውስጥ የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) እና የኸድርን ታሪክ ብዙዎቻችን በየሳምንቱ ጁሙዓ እንቀራዋለን። ኸድር መርከቧን የቀደዳት ለምን ነበር? መርከቧ በባሕር ላይ ሠርተው የሚያድሩ ድሆች መተዳደሪያ ነበረች፤ ከወዲያ ደግሞ ደኅና የሆነችውን መርከብ ሁሉ በጉልበት የሚነጥቅ ንጉሥ ነበር። ነውር ያለባት ስትመስል ንጉሡ ትቷት ይሄዳል፤ ድሆቹም መተዳደሪያቸው ይተርፍላቸዋል። አስተውሉ! የጥቂት ድሆች መርከብ በአላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ ወሕይ የሚወርድላት ጉዳይ ሆናለች። ታዲያ በሕዝብ ስም በተወሰደ ብድር የተገዛች፣ በሺህ የሚቆጠር ድሃ የሚሳፈርባት መርከብ ወይም ባቡር እንዴት ተራ ጉዳይ ትሆናለች?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሁላችንም እረኞች መሆናችንንና ስለ መንጋችን የምንጠየቅ መሆናችንን አስተምረውናል። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት በጠየቁ ጊዜም ሥልጣን አማና እንደሆነች፣ በሐቋ ይዞ ግዴታውን ከተወጣው ሰው በስተቀር በቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደምትሆን ነግረዋቸዋል። አቡ ዘር ከደጋግ ሰሐቦች አንዱ ናቸው። ለእርሳቸው ከባድ የሆነ ሸክም ለዛሬ ሹም ቀላል ሊሆን አይችልም።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ይህ ገብቷቸው ነበር። በኤፍራጥስ ዳርቻ አንዲት እንስሳ በቸልታ ብትጠፋ አላህ እርሳቸውን እንዳይጠይቃቸው ይፈሩ እንደነበር በተለያየ ቃል ተዘግቧል። መዲና ያሉ መሪ፣ ዒራቅ ውስጥ ስላለች እንስሳ! ፍርሃታቸው ደግሞ በአንደበት ብቻ የቀረ አልነበረም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ሒጃዝን ረሃብ በመታው ጊዜ፣ በግብፅ የነበሩት ዐምር ኢብኑል ዓስ ከዓባይ ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደውን የጥንት ቦይ አስጠርገው እህል በመርከብ እንዲልኩ አደረጉ። ቦዩም የአሚረል ሙእሚኒን ቦይ ተባለ። የሕዝብን ማጓጓዣ መንከባከብ ለዑመር የዒባዳ ያህል ነበር ማለት ነው።

የእኛስ? ከጣና እንጀምር። ሐይቁ ከደብረ ታቦር ሩቅ አይደለም፤ የደቡብ ጎንደሮቹ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደራ ዳርቻውን ይዘዋል። ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ ሰውና ዕቃ ሲያሻግሩ የኖሩት ሙስሊም ወገኖቻችን ወይጦዎች ናቸው። ክረምት ሲበረታ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል፤ መንገዱ ውሃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጀልባ ማለት ሕይወት ማለት ነው።

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር፣ በሐይቁ ዳር የምትኖረው አክስቴ ታመመችና ልናሳክማት ተሯሯጥን። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ተብሎ የተመደበ የሞተር ጀልባ ከዳር ታስሮ ቆሟል። ጠባቂውን «ተነሥ እንጂ!» ስንለው፣ ነዳጅ እንዳልተፈቀደለት ነገረን። ማን ነው የሚፈቅደው? ስብሰባ ላይ ነው። ተወካዩስ? እርሱም አብሮ ሄዷል። ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዐይኑ እንባ ቋጥሮ ነበር፤ ግን የነዳጁ ቁልፍ በእጁ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ወይጦ ታንኳውን ይዞ መጣ። አክስቴን በጋቢ ጠቅልለን አስተኛናት፤ ረጅሙን ውሃ በመቅዘፊያ ብቻ አሻገረን። ሒሳብ ልሰጠው እጄን ወደ ኪሴ ስከት፣ «ተው ወንድሜ፣ ዱዓ ብቻ አድርግልኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሐኪም ቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ዕድሜ ሰጣት። በዚያው ክረምት በዚያው ዳርቻ ጀልባ ሲጠብቅ ሕይወቱ ያለፈ ጎረቤት ግን ነበራት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ደመወዝ የማይከፈለው፣ ከደንገል ታንኳ በቀር ምንም የሌለው ሰው አማናውን ተወጣ። ጀልባም ሞተርም በጀትም የነበረው አካል አልተወጣም። «ለምን?» ብሎ የጠየቀውም አልነበረም፤ እኔም ጭምር። አክስቴ ስለዳነች ደስ ብሎኝ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ።

ይህች ትንሽ ታሪክ ሰፍታ ስትታይ የአገራችን ታሪክ ናት። በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው ባቡር አዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል በገባ ጊዜ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ሾፌሩ ኩርባው ላይ ፍጥነት አልቀነሰም ተባለና ታሰረ። ለመሆኑ ሾፌሩን ያሠለጠነው ማን ነበር? ፍሬኑን የመረመረውስ? ተሳፋሪውን የቆጠረውስ? በአገራችን ጥፋት ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ ምስጋና ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል።

የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡርም እናስታውስ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ አብዛኛውም ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። ታሪፉ ከ2 እስከ 6 ብር ስለነበር ለድሃው ትልቅ እፎይታ ሆኖ ነበር፤ ይህን መካድ ሐቅን መደበቅ ነው። ነገር ግን ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፤ ሕዝቡም በየጣቢያው ለረጅም ጊዜ ተሰልፎ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ባቡር ሲገዛ መለዋወጫ እንደሚያስፈልገው ያልታወቀው ለማን ነው? ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው 392 ኪሎ ሜትር ሐዲድም በ2007 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሮ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበለት፤ ብዙው ክፍል ከተሠራ በኋላ ግን በኤሌክትሪክና በገንዘብ እጦት ዓመታት አለፉ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ንብረቱ ተዘረፈ። ብድሩ ግን አልተዘረፈም፤ በልጆቻችን ጫንቃ ላይ አለ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የጉና ተራራ በባዶ እግር እንኳ አይወጣም፤ ከወረታ ሜዳ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ሐዲድ ማውጣት ቀላል አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ስንት ወር እንደፈጀባቸው ታሪክ ይነግረናል። ዐፄው በሙስሊሙ ላይ የነበራቸው አቋም ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ መንገዱን ግን በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሱ መጥረጋቸው የተመሰከረ ነው። ከዚህም ሌላ ጦርነት መጥቷል፤ ብድር ሰጪው እጁን ሰብስቧል። እነዚህ ሁሉ ዑዝር ናቸው። ኢስላም ዑዝርን ይሰማል፤ ታማሚ ተቀምጦ ይሰግዳል፤ መንገደኛ ያፈጥራል። ነገር ግን ዑዝር የሚሰማው ሲነገር ነው። ዝምታ ዑዝር አይሆንም። «ቃል ገብተን ነበር፤ በዚህ ምክንያት አልሆነም፤ ገንዘቡ እዚህ ዋለ» ብሎ ለሕዝብ መናገር ምን ያህል ይከብዳል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ፣ ሹሙም ተጠያቂ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ መጠየቅ ዐመፅ አይደለም፤ በሕግም በሸሪዓም ሐቅ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ መርከብ ላይ ዕጣ ስለተጣጣሉ ሰዎች የሰጡትን ምሳሌ ታውቁታላችሁ። ከፊሎቹ ከላይ፣ ከፊሎቹ ከታች ደረሳቸው። የታችኞቹ ውሃ ለመቅዳት ወደ ላይ መመላለሱ ሲያስቸግር፣ በድርሻችን በኩል ብንበሳስ ምን አለበት አሉ። የላይኞቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰምጣሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ዛሬ መርከባችንን የሚበሳው ነዳጅ የሚሰርቀው ብቻ አይደለም። መንገደኛውን ለብር ሲል ከልክ በላይ የሚጭነው ይበሳታል። በትኬት ላይ ጉቦ የሚቀበለው ይበሳታል። ሪባን የተቆረጠበትን ቀን ዘግቦ የቆመችበትን ቀን የሚረሳው ጋዜጠኛም ይበሳታል። አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ተሳፋሪም ከነርሱ ይቆጠራል። ከታንኳዋ ላይ ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ነው የተቀመጠው፤ ስትሰምጥ ሃይማኖት አትለይም።

በ2017 ዓ.ም. መገባደጃ «ጣና ነሽ ሁለት» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በግዙፍ ተሽከርካሪ ተጭና ወደ ጣና ጉዞ ስትጀምር ሕዝቡ በደስታ አጅቧታል። እኔም ደስ ብሎኛል። ዘንድሮ ግን እንደ 2003ቱ በሙቀት ብቻ አልጽፍም። የጉዞ ሰሌዳዋ የት ይለጠፋል? ታሪፏን ማን ይወስናል? የሕይወት አድን ጃኬቱን ማን ይቆጥራል? መለዋወጫዋ ከወዲሁ ተበጅቷል? ከዳር ያለችው ነፍሰ ጡርስ ከርሷ ምን ታገኛለች? እነዚህን ጥያቄዎች ቀን ጽፌባቸው በማስታወሻዬ አሉ፤ በዓመቱ ተመልሼ እጠይቃለሁ፤ ኢንሻአላህ።

እናንተም ጠይቁ። የወረዳውን ምክር ቤት፣ የመረጣችሁትን ተወካይ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በደላችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቅጂውን ያዙ። ኸጢቦቻችንም ስለ አማና ሲያስተምሩ የጎረቤት ብድርን ብቻ ሳይሆን የሕዝብን ጀልባም ይጥቀሱ። አደባችንን ጠብቀን፣ ስም ሳናጠፋ፣ ሐቁን ይዘን እንጠይቅ። ሰምቶ ላረመ ሹም ምስጋናችንን፣ ዱዓችንንም አንንፈገው።

ለእኒያ አዛውንት በዚያን ዕለት የመለስሁላቸው፣ «አላውቅም አባባ፤ አልጠየቅሁም» የሚል ብቻ ነበር። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ዛሬ ጀምር ልጄ። እኔ ባቡሩን ላልሳፈርበት እችላለሁ፤ ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር አይቀበር» ብለውኝ ሄዱ። ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት በእርሳቸው ትእዛዝ ነው።

አላህ አማናን ከሚወጡት ያድርገን፤ ሹማምንቶቻችንን የሒሳብ ቀንን የሚፈሩ ያድርግልን፤ በውሃም በየብስም መንገደኛውን በሰላም ያግባልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።