የጠያቂ አደራ

“መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ” እንላለን። ተረቱ ግን አንድ ነገር ሳይነካ ያልፋል፦ ተጠያቂው ማነው? የሚያበላውስ ማነው?

የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ይህን ያውቁ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በማስታወቂያ የሚተዳደር መፈለጊያ ከፈላጊው ይልቅ ወደ አስተዋዋቂው ማድላቱ እንደማይቀር ጽፈዋል። በ2000 ራሳቸው ማስታወቂያ መሸጥ ጀመሩ።

የመነሻ ሐሳባቸው ግሩም ነበር። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲያደርግ እንደ ምስክርነት ይቆጠራል፤ ብዙና የታመኑ ምስክሮች ያሉት ከላይ ይወጣል። ምስክርነት ገንዘብ እንደሚያመጣ ሲታወቅ ግን የሐሰት ምስክር ገበያ ወጣ። ሊንክ ይሸጣል፣ ይገዛል። ዛሬ “ምርጥ ስልክ” ብላችሁ ብትፈልጉ መጀመሪያ የተከፈለባቸው ይደረደራሉ። ቀጥሎ “ምርጥ 10” የሚሉ ገጾች ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ በሊንካቸው ስትገዙ ኮሚሽን የሚቆርጡ ናቸው። ስልኩን ዓመት ሙሉ ይዞ የጻፈው ሰው የት ገባ? እሱ ለሰው ነው የጻፈው፤ እነሱ ግን ለማሽኑ።

“በነፃ እየተጠቀምክ ምን ያነጫንጭሃል?” የሚለኝ አይጠፋም። ኮሚሽን መብላት በራሱ ነውር አይደለም። ቤት ስንከራይ ደላላው ከምን እንደሚበላ እናውቃለን፤ ስለዚህ “ሰፊ ነው፣ ፀጥ ያለ ሰፈር ነው” ሲለን በግማሽ ጆሮ ነው የምንሰማው። መፈለጊያውን የምንሰማው ግን እንደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው።

“ካልተመቸህ ሌላ ተጠቀም” የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ጎግል በስልኮችና በብራውዘሮች ላይ ቀድሞ የተመረጠ መፈለጊያ ለመሆን በ2021 ብቻ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ኩባንያው የፍለጋ ገበያውን በሕገወጥ መንገድ በሞኖፖል ይዟል ሲሉ ወስነዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከገበያው በላይ ጥያቄው ራሱ ነው። ሰው የሚጠይቀው ስለማያውቅ ነው። ስለማያውቅ ደግሞ መጥፎውን መልስ ከጥሩው የሚለይበት ነገር የለውም። የተበላሸ ቲማቲም በእጃችን ዳብሰን እንለያለን፤ ሌሊት ልጇ ያተኮሳት እናት ያገኘችውን ምክር በምን ትዳብሰው? በአማርኛ ከጠየቀች ደግሞ የተጻፈው ጥቂት ስለሆነ የምታመሳክርበት እንኳ ላይኖራት ይችላል።

ለዚህ ነው መልስ መስጠት ከሽያጭ ይልቅ አደራ የሚሆነው። አደራ የተቀበለ ሰው ደመወዝ ሊቀበል ይችላል፤ ማን እንደሚከፍለው መደበቅ ግን አይችልም።

አደራው ለእኛም ይተርፋል። የምናውቀውን፣ ሞክረን ያየነውን፣ ማንም ሳይከፍለን በአማርኛ እንጻፍ። ማሽኑ ከላይ ላያወጣው ይችላል። ቢሆንም ፈልጎ ለሚደርስበት አንድ ሰው እውነተኛ ምስክር ይጠብቀዋል።