ስለ ሕፃናት የእጅ ሥራና ስለ ሠሪው ክብር

በዚህ ዘመን ከወላጆች ዘንድ ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ልጆች በቤት ውስጥ ጭቃ እያቦኩ፣ ሽቦ እያጠማዘዙ፣ ካርቶን እየቆረጡ የሚደክሙበት ሥራ ጥቅም ያለው ነውን ወይስ ጊዜን ማባከን ነው የሚል ነው። ከወልቂጤ የመጣ አንድ አባት፣ «ልጄ ዳዊት ይደግማል ብዬ ስጠብቅ የሽቦ መኪና ሲሠራ ይመሽበታል» ሲል በምሬት ነገረን። ከቡታጅራም አንዲት እናት በዚሁ ነገር ላይ ሌላ ጥያቄ አቅርባልናለች። የእርስዋን ወደ ኋላ እናነሣዋለን፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን እርሱ ነውና።

የልጆች የቤት ሥራ ነገር ይበልጥ መነሣት የጀመረው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ይመስለናል። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ሁሉ ከቤት ዋሉ። መጽሐፍ ያገኘ አነበበ፤ ያላገኘም በእጁ የሚሠራውን ፈለገ። በዚሁ ዓመት ሰኔ 14 ቀን እሑድ ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች። በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች፤ በጉራጌ አገርም ግርዶሹ በከፊል ነበረ። ፀሐይን አቅንቶ መመልከት ዓይንን ይጎዳልና፣ አዋቂዎች የሚመክሩት ብልሃት ቀላል ነበር፤ ካርቶንን በመርፌ መብሳት፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ በቀዳዳው ያለፈውን ብርሃን በነጭ ወረቀት ላይ መቀበል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ማጭድ የመሰለች ትንሽ ፀሐይ ትወርዳለች። ደመና ባልከለለበት ስፍራ በዛፍ ቅጠሎች መካከል የሚያጮልቀውም ብርሃን እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍተት እንደ መርፌ ቀዳዳ ስለሚሆን መሬቱ በትንንሽ ማጭዶች ይሞላል። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከዋርካ ሥር ቆሞ ይህን የተመለከተ ልጅ ዳዊት ስለ ሰማያት የዘመረውን ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ስለዚህ ለወልቂጤው አባት የሰጠነው መልስ አጭር ነው፤ ይጠቅማል። እግዚአብሔር የደብተራ ኦሪትን ሥራ ለማስፈጸም ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን እንዳሳደረበት በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31 ተጽፎአል። የተሰጠውም ጸጋ ለስብከት ወይም ለጦርነት አልነበረም፤ ወርቅና ናስ ለመሥራት፣ ዕንጨት ለመቅረጽ ነው እንጂ። በተአምረ ኢየሱስም ጌታ በሕፃንነቱ ከጭቃ ወፎችን እንደ ሠራ ይነገራል፤ ያን ጊዜም ክስ ያቀረቡ አዋቂዎች እንደ ነበሩ አንዘነጋም። ዳዊቱም አይቅር፤ የሽቦ መኪናውም አይቅር። ሽቦው በመንገዱ ላይ የሚቆመው መንኰራኵሩ በትክክል ካልተለካ እንደ ሆነ፣ ይህን ከማንም ተግሣጽ ይልቅ ሽቦው ራሱ ለልጁ ይነግረዋል።

አሁን ወደ ቡታጅራዋ እናት እንመለስ። ባለፈው ዓመት በእንግድነት ከቤቷ ባረፍን ጊዜ፣ የዐሥር ዓመት ልጅዋ ከጓሮ ጭቃ አምጥቶ ትንሽ ጀበና ሠርቶ አገኘነው። አንገቷንም እጀታዋንም በትጋት አሳምሮአት ነበር፤ እናቱም ለጎረቤት ሁሉ ታሳይ ነበር። አንድ ቀን በፀሐይ ካደረቃት በኋላ ከምድጃው እሳት ላይ አስቀመጣት። ጥቂት ቆይታ እንደ ጥይት ጮኻ ፈነዳች። ልጁ አለቀሰ። እኛም «ሳትጸልይባት ነው» ብለን ልናስቀው ሞክረን ነበር፤ ቀልዱ አልሠመረም።

በዚያው ቀን ድስትና ምጣድ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ በደጅ ስታልፍ፣ እናቲቱ ምጣድ ልትገዛ ጠራቻት። አሮጊቷ ስብርባሪውን አይታ አንዱን አነሣች፤ በጣትዋም ፈርከስ አድርጋ ልጁን ጠየቀችው።

«ስንት ቀን አደረቅኸው?»

«አንድ ቀን።»

«በፀሐይ ነው በጥላ?»

«በፀሐይ።»

«ገል ፈጭተህ ቀላቅለህበታል?»

ልጁ ገል ለምን እንደሚያስፈልግ አያውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አናውቅም ነበር። እርስዋም ከደጃፉ ተቀምጣ አስረዳችው። ጭቃ በፀሐይ በችኮላ ሲደርቅ ላዩ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ርጥብ ሆኖ ይቀራል። እሳት ሲነካው ያ የቀረው ውኃ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ይሰብረዋል። ተሰብሮ የተፈጨ የአሮጌ ሸክላ ገል ወይም አሸዋ የተቀላቀለበት ጭቃ ግን ሲደርቅ እጅግ አይኮማተርም፤ እንፋሎቱም በቀጭኑ መንገድ ይወጣለታል። ስለዚህ ሸክላ በጥላ ብዙ ቀን ይቈያል፤ ከዚያም እሳቱን ቀስ በቀስ ይለምደዋል። እርስዋ በአጭሩ «ጭቃው ይተንፍስ» ነው ያለችው፤ እንፋሎት የሚለውን ቃል የጨመርነው እኛ ነን። የተማሩ ሰዎች ደግሞ ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከአፈሩ ጋር የተዋሐደው ውኃ ሳይቀር እንደሚለቅ፣ ከዚያ ወዲያ ሸክላው ተመልሶ ጭቃ እንደማይሆን ይናገራሉ። አሮጊቷ ዲግሪ አልቈጠረችም፤ እሳቱን በቀለሙ ታውቀዋለች።

ከዚህ በኋላ ቡና ተፈላ። ለእኛ ከረከቦቱ ላይ ያማረ ስኒ ቀረበልን። ለአሮጊቷ ግን ከመደርደሪያው ጥግ ለብቻው የተቀመጠ፣ ከንፈሩ የተሸረፈ ስኒ ወጣ፤ ከደጃፉ እንደ ተቀመጠችም ተሰጣት። ጠጥታ ስትጨርስ ስኒው ከሌሎቹ ጋር አልታጠበም። ቡናው የተፈላበት ጀበና የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነ መናገር አያሻም። እኛም ቡናውን ባርከን ጠጣን፤ አንዳች ቃል አልተናገርንም። ምጣዷን ሸጣ ከሄደች በኋላ ግን ልጁ፣ «እማዬ፣ እኔ ጀበና ስሠራ ጎበዝ ትይኛለሽ፤ እርስዋ ስትሠራ ለምን በተሸረፈ ስኒ ትጠጣለች?» አለ። እናቲቱም ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «አባታችን፣ ምን ልበለው?» አለች።

ያን ጊዜ የሰጠነው መልስ «ልማድ ነው» የሚል ነበር። ይህም መልስ አይደለም፤ ልጁም መልስ አለመሆኑን ከፊቱ እናነብ ነበር።

የልማዱ ነገር እንዲህ ነው። በጉራጌ አገር ከጀፎረው፣ ማለት ከሰፊው የመንደር ጎዳና፣ ግራና ቀኝ የተሠሩት ክብ ቤቶች በአሠራራቸው ማማር የታወቁ ናቸው። የጣሪያውን ክብደት የሚሸከመውም የመካከሉ ምሰሶ ነው። ያን ምሰሶ የሚጠርቡት፣ ቤቱን የሚያቆሙት፣ ሴቶቻቸውም ሸክላውን የሚሠሩት ወገኖች ለብዙ ዘመን መሬት እንዳይዙ፣ ከሌላውም ጋር እንዳይጋቡ ተለይተው ኖሩ። የሚጠሩበትን ስም እዚህ አንጽፈውም፤ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖአልና። አንጥረኛውና ቆዳ አልፊውም ዕድላቸው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ይህም ነውር የጉራጌ ብቻ አይደለም። በሸዋም በጎንደርም በጎጃምም ብረት ሠሪው «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ» እየተባለ ተሰድቦአል፤ ከዚያም አልፎ «ቡዳ ነው» ተብሎ ሕፃናት እንዲሸሹት ተደርጎአል። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስንወርድ በጢያ የቆሙትን፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች ለማየት ብዙ ሰው መኪናውን ያቆማል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋልና። የሞተውን ቀራጭ ለማድነቅ ከመኪናው የሚወርድ ሰው፣ በሕይወት ያለውን ቀራጭ በገበያ ሲያገኘው ዕቃውን ገዝቶ እጁን ሳይጨብጠው ይሄዳል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ምክንያታቸውም ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ ነው የሚል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት በሕግ በኩል ልዩነቱን ሽረውታል። አዋጅ ግን ከደጃፍ ይደርሳል እንጂ እስከ መደርደሪያው ጥግ አይገባም። ከዚያ የሚገባው እናትና አባት፣ ነፍስ አባትም ቢናገሩ ነው።

ይህን የሚያነብ አንድ ሊቅ መጽሐፈ ሲራክን ሊጠቅስብን ይችላል። በእርግጥም በምዕራፍ 38 አራሹ፣ ማኅተም ቀራጩ፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪው በሸንጎ ለምክር እንደማይፈለጉ፣ በዳኛም ወንበር እንደማይቀመጡ ይናገራል፤ የጸሐፊውን ጥበብ ከፍ ከፍ ያደርጋል። ይህን አንሸሽግም። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ እነርሱ ከሌሉ ከተማ እንደማይቀና፣ ሸክላ ሠሪውም እቶኑን ለማጽዳት እንቅልፍ አጥቶ እንደሚተጋ ተመልክቶአል። ሲራክ የተናገረው ስለ ወንበር ነው፤ የተለየ ስኒ አላዘዘም። ከሲራክም በኋላ የሆነ ነገር አለ። ጌታችን በናዝሬት ጸራቢ ተብሎአል፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደምናነበው የአገሩ ሰዎች ጥበቡን ለመናቅ ያነሡበት ይህንኑ ሙያ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ያስተምር ነበር። ሠሪውን በሙያው የሚንቅ ክርስቲያን ከእነዚያ ከናዝሬት ሰዎች ወገን መቆሙን ልብ ይበል።

እኛ ካህናትስ? የቆሎ ተማሪ ሳለን ጥላሸት በጥብጠን ቀለም ሠርተናል፤ መቃ ቀርጸን ብርዕ አድርገናል። ብራና ፋቂውንም በአክብሮት «የኔታ» ብለን ጠርተናል። እንግዲህ ቆዳን ለመጽሐፍ የሚፍቅ እጅ ሲከበር ለጫማ የሚፍቀው የሚናቅ ስለ ምንድን ነው? ቆዳው ያው የፍየል ቆዳ ነው።

ወደ ልጆቹ ነገር ስንመለስ፣ ወላጆች ከዚህ የሚያገኙት አንድ ተግባር አለ። ልጅ ሸክላ ሊሠራ ቢወድ ሸክላ ሠሪዋን፣ ዕንጨት ሊጠርብ ቢወድ ጠራቢውን አስተማሪ አድርጎ መጥራት ነው። የሒሳብ አስጠኚ ዋጋ እንደሚከፈለው ለእርስዋም ይከፈላት፤ ልጁ «እማማ» ብሎ ይጥራት፤ ከደጃፍ ሳይሆን ከእልፍኝ ትቀመጥ። ይህ ምጽዋት አይደለም። የጉራጌ እናት ቆጮውን በኮባ ሸፍና ከጉድጓድ ስታቦካው አየር እንዳይገባው የምትጠነቀቅበትን ምክንያት ለልጅዋ ብትነግረው፣ ቃጫውንም ነጠላውንና የተገመደውን ድንጋይ አንጠልጥሎ የትኛው ቀድሞ እንደሚበጠስ እንዲለካ ብታደርገው፣ እርስዋም መምህር መሆኗን ያን ቀን ያውቃል። ቤት ውስጥ የሌለውን ትምህርት ከሩቅ ከመሻት በፊት ያለውን መጠየቅ ይቀድማል።

አንዲት አያት ይህን ስንናገር ሰምተው «ዓይኗ ልጁን ቢያገኘውስ?» አሉን። በፍርሃታቸው አልሳቅንም፤ ያደጉበት ነውና። ነገር ግን በማየ ጸሎት የምናምን ከሆነ፣ በጥምቀትም የተቀበልነው መንፈስ ቅዱስ ከሰው ዓይን ያንሳል ካላልን፣ አሮጊቷን ከደጃፍ የምናስቀምጥበት ሃይማኖታዊ ምክንያት ከቶ አናገኝም። ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህም ለእኛ ከሁሉ የከበደን ነው። የእናቲቱ ልጅ በዐሥር ዓመቱ ጭቃ ቢያቦካ ሁሉ ያደንቀዋል። የሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅ ግን በዚያው ዕድሜ ጭቃ ተሸክማ ከወንዝ ስትወጣ ማንም ጎበዝ አይላትም፤ ትምህርት ቤት ስለ መዋልዋም የሚጠይቅ የለም። እጅ አንድ፣ ጭቃ አንድ ሲሆን፣ በአንዱ ቤት ትምህርት በሌላው ቤት ዕጣ ፈንታ መሆኑ ሊያስጨንቀን ይገባል።

ይህን ለመጻፍ ከመቀመጣችን በፊት የቡታጅራዋን እናት በስልክ ጠየቅናት። ልጁ ሁለተኛ ጀበና መሥራቱን ነገረችን፤ ገል ወቅጦ ቀላቅሎበታል፤ ዐሥራ ሁለት ቀን በጥላ አድርቆታል፤ አሮጊቷም ራስዋ መጥታ ከእርስዋ ዕቃዎች ጋር በአንድ እሳት ተኩሳለታለች። አልፈነዳም፤ ጥቂት ወደ ግራ ያዘነብላል እንጂ። ስለ ስኒውም ጠየቅናት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «አባታችን፣ ለመስቀል ሲመጡ ያዩታል» አለችን።