የተጣለ ዕቃ የማን ነው?

ባዶ የመጠጥ ጣሳ ሰብስቦ ቤትን ማስጌጥ ነውር የሌለበት፣ እንዲያውም የሚመሰገን ሥራ ይመስላል። ሌላው የጣለውን አንሥቶ የአበባ መትከያ፣ የሻማ ማስቀመጫ ወይም የመስኮት መጋረጃ ማድረግ ማንን ይጎዳል? እኔም እንዲህ አስብ ነበር፤ ይኸውም አንድ ቀን ከሠርግ ቤት ሁለት ጆንያ ሙሉ ጣሳ ይዤ ስወጣ፣ ባዶ ከረጢት በትከሻው ጣል አድርጎ በር ላይ የሚጠብቅ ልጅ እስካገኝ ድረስ ነው። ልጁ አንዳች አልተናገረም። ጆንያዎቹን ብቻ ተመለከተ።

የተጣለ ዕቃ በእርግጥ ባለቤት የለውምን?

ጣሳን ለጌጥ በመሰብሰብ ስሙ የታወቀ አንድ ሰው በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ ይኖር ነበር። በባቡር ድርጅት ውስጥ የወንበር ልባስ ሠሪ የነበረው ጆን ሚልኮቪሽ፣ ሣር ማጨድ ቢሰለቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ግቢውን ብይና ጠጠር በተለበጠ ሲሚንቶ ይሸፍን ጀመር። ቀጥሎም የቢራ ጣሳ እየቆረጠና እየዳመጠ የቤቱን ግድግዳ አለበሰ፤ ክዳኖቹንም አያይዞ ከጣሪያው ጠርዝ እንደ መጋረጃ አንጠለጠላቸው። ነፋስ ሲነካቸው ያቃጭላሉ። የጣሳው ብዛት 50,000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ሰውየው በ1988 ቢያርፍም ቤቱ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይጎበኛል። ያን ሁሉ ቢራ ማን ጠጣው የሚል አይጠፋም፤ እርሱና ባለቤቱ ከወዳጆቻቸው ጋር ነው ይባላል። የመጠጡን ነገር ለሌላ ጊዜ እናቆየውና፣ ለጥያቄያችን የሚበጀው ግን ጣሳው በአብዛኛው ከገዛ ማዕዱ የተረፈ መሆኑ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይለያል። በአዲስ አበባ ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ያገለገለ ዕቃ ይገዛል፤ ይሸጣልም። አሉሚኒየምን አቅልጦ እንደገና መሥራት ከማዕድኑ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል 5 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ባዶው ጣሳ ፈላጊ አያጣም። ስለዚህ ለእኛ ጥራጊ የሆነው ለአንዱ የዕለት እንጀራ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ስለ ቃርሚያ የተደነገገውን ታስታውሳላችሁ። በእርሻ የተረሳ ነዶ ለመጻተኛ፣ ለድኻ አደግና ለመበለት ይተው ተባለ እንጂ፣ የማንም አይደለምና ያገኘው ይውሰደው አልተባለም። በእርግጥ የሠርግ ቤት እርሻዬ አይደለም፤ ቆራሌውም ነጋዴ ነው። ደግሞም ውበትን መሻት ኃጢአት አይደለም፤ ድኻውም ቢሆን ከጣሳ ኩራዝ ሲሠራ ቅርጹን ያሳምራል። ከራሴ ገበታ የተነሣውን እንዳሻኝ ባደርገው የሚከሰኝ የለም እላለሁ። ከሌላው ደጅ የምሰበስበው ግን ከእኔ በፊት የሚጠብቀው እንዳለ ዞር ብዬ እንዳይ ያስገድደኛል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ይህ ይገጥማቸዋል። ለልደት በዓል ጌጥ እያንዳንዱ ልጅ አሥር ጣሳ ያምጣ ሲባል ሰምቻለሁ። የጣሳ መጠጥ ወደ ቤቱ ገብቶ የማያውቅ ልጅ ከየት ያመጣል? ወይ ከቆራሌው ይገዛል፤ ወይ አፍሮ ከትምህርቱ ይቀራል።

በዚያ ቀን አንዱን ጆንያ ለልጁ ሰጥቼ ሁለተኛውን ወደ ቤቴ ወሰድሁ። መጋረጃው ዛሬም በመስኮቴ ላይ አለ፤ እንግዶችም ያደንቁታል። ስለ ሁለተኛው ጆንያ ግን ለራሴ የምሰጠው መልስ እስካሁን አላረካኝም።