ሚናራው ቆሞ ያበራል፤ እኛስ?

 

የመስጊዳችንን ማማ «ሚናራ» እንለዋለን። ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ «ኑር» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ሲሆን የብርሃን ቦታ ማለት ነው። ዐረቦች ለመርከበኞች የሚበራውን ማማም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ከነዚህ ማማዎች ዝነኛው የእስክንድርያው ነበር። ተጓዡ ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1326 ሲያየው አንድ ጎኑ ፈርሶ ነበር፤ በ1349 ሲመለስ ግን ሊገባበት እንኳ አልቻለም። በ1477 ሱልጣን ቃይትባይ በቦታው ምሽግ አሠራ። ስንቱን መርከብ ወደብ ያደረሰው ማማ፣ ራሱ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ፈረሰ።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ነሐሴ ለለቅሶ ከደጎሎ ወደ ሐይቅ ያደረግነው ጉዞ ነው። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አላባራም። ወረኢሉ ሳንደርስ ጎርፍ መንገዱን ሸፍኖት መኪናችን ቆመ፤ ፀሐይም ጠለቀች። አንድ ተሳፋሪ «ኡስታዝ፣ መግሪብን እንዴት እናድርግ?» አለኝ። «መንገደኛ ነን፤ ከዒሻ ጋር ጀምዕ እናደርጋለን» አልኩት። ሁሉም እፎይ አለ።

ወዲያው አንድ የአገሩ ሽማግሌ ባትሪ ይዘው መጡ። እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ የመንገዱን ጠርዝ እያበሩ አሻገሩን። ገንዘብ ብንሰጣቸው «ዱዓ አድርጉልኝ» ብለው እምቢ አሉ። ከዚያም ዉዱእ አድርገው፣ ጋቢያቸውን ድንጋይ ላይ አንጥፈው፣ በዚያ ዝናብ መግሪብን ሰገዱ።

አንባቢ ሆይ! የሰጠሁት መልስ ከሸሪዓ የወጣ አልነበረም፤ ለመንገደኛ የተፈቀደ ነው። ልቤን ስጠይቀው ግን፣ ያናገረኝ ዕውቀቴ ሳይሆን ብርዱ ነበር። እውነተኛ ቃል የስንፍና መሸፈኛ ሲሆን ምን ይባላል? የሰሙኝ ሰዎች በፍቃዱ ተጠቅመዋል፤ ምንም የለባቸውም። እኔ ግን በኒያዬ እጠየቃለሁ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለሰው መልካምን እያስተማረ ራሱን የሚረሳን ሰው፣ ለሌላው እያበራ ራሱን በሚያቃጥል መብራት መስለውታል። እኛ መምህራን ይህን ሐዲስ ለደረሶቻችን ስንት ጊዜ ቀርተናል? ለራሳችንስ?

በማግስቱ ሐይቅ ስንደርስ ጉም ውሃውን ሸፍኖት፣ ከጉሙ በላይ ሚናራ ብቻ ይታይ ነበር። ሚናራ ድንጋይ ነውና ቆሞ ቢያበራ አይጠየቅም። ሰው ግን የሚያሳየውን መንገድ ራሱም ሊሄድበት ይገባዋል። እኒያ ሽማግሌ መንገዱን አበሩልን፤ ከዚያም ወደ ጌታቸው ዞሩ።

አላህ (ሱ.ወ.) ከሚያበሩትም ከሚጓዙትም ያድርገን። አሚን።